የእድሳት ማግስት

ማታ ነው የነካሁት፣ «አሁን አድስ» የሚለውን፣
ሳላነብ፣ ሳልጠይቅ፣ ሳልቀዳ ያለኝን።
ደክሞኝ ነበር። ጌንት ላይ ሳምንቱን ሙሉ ዘንቧል፤
የሊስ ወንዝ ከድልድዩ ሥር አተላ መስሏል።
መስመሯ ስትሞላ እያየሁ በጥቂት በጥቂት፣
ለነገ ትደርሳለች ብዬ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ምን ገዶት።

ሲነጋ ገጹ አምሮበት፣ የማላውቀውን ተራራ ለብሶ፣
ፊደሉ ሁሉ ቀጥኖ፣ ማዕዘኑ ሁሉ ለስልሶ፤
እኔ ግን ተርሚናሉን ከፍቼ እንደወትሮው ባዝዝ፣
«ኮምፓይለር? እዚህ ቤት የለም» አለኝ፣ ያለ መተከዝ።
ቤቱን ቀብተው ቀብተው፣ መጋረጃውን ለውጠው፣
መዶሻና ጉጠቱን ከነሳጥኑ አውጥተው
የት እንዳደረሱት እንጃ።

ስልኩ ጠራ። ዋርድ ነው፣ የቦዩ በር ጠባቂ፤
«ሠንጠረዡስ?» አለኝ፣ ድምፁ ገና እንቅልፍ ናፋቂ።
በነሱ ሰባት ሰዓት ነው፣ በኔ አቆጣጠር አንድ፤
ጀልባ ከበሩ ፊት ቆሟል፣ አሸዋ ጭኖ፣ ሊሄድ።
የዛሬው ውኃ ስንት ሜትር እንደሆነ ሳይነገረው
እንዴት ይግባ? መንገሩ ደግሞ የኔ ሥራ ነው።

የኔ ስል፣ ፕሮግራሙ የጎደሊቭ ነው።
እሷ ጽፋው፣ እሷ አሳድጋው፣
ጡረታ ወጥታ ባሮ ሽንኩርቷን ልትተክል ስትሄድ
ለኔ የተወችው።

መሣሪያውን አውርድ አለኝ። አወርዳለሁ፤ ምን ምርጫ።
ቀሪ ጊዜ ሁለት ሰዓት። ቀሪ ጊዜ አራት ደቂቃ።
ቀሪ ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት፤ ልክ እንደዚያ ግንበኛ
ግድግዳህን አፍርሶ «መጣሁ» ብሎ እንደሚተኛ።
መሐል ላይ ውል ዘረጋ፣ አርባ ምናምን ገጽ፤
ቁልቁል ሮጬ «እስማማለሁ» አልኩ።
ለቤት ኪራዩም፣ ለመኖሪያ ፈቃዱም ያልኩት ይህንኑ ነው፤
አንብቦ የተስማማ ሰው ካለ፣ እስኪ ልየው።

ወረደ። ተጫነ። አሁን ደግሞ አዲሱ ኮምፓይለር
እንደ ነዝናዛ ፈታኝ የሴትዮዋን ኮድ ሲመረምር፣
መቶ አሥራ አራት ስህተት፤ ምንጩ አንዲት መስመር።
አውቃታለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በቢጫ ቀለም
«አርጅታለች፣ ትወገዳለች» እያለ ሲያስጠነቅቀኝ
እንደ ጎረቤት ሳል ለምጄው አልፌዋለሁ።
ዛሬ ቢጫው ቀላ።

ከበላይዋ ማስታወሻ አለ፣ የጎደሊቭ፦
«ይህን የምትነካ ሰው ሆይ፣ ይቅርታህን።
ዓርብ ማታ ነው፣ ልጄን አተኩሷታል፣
ሰኞ አስተካክለዋለሁ።»
ቀኑ ከሥሩ ተጽፏል።
ያቺ ልጅ ባለፈው ሰኔ ተድራለች፤
ኬኩን በልቻለሁ።

ስንት ሰኞ አለፈ። ዛሬም ሰኞ ነው።

ሁለት ቃል ቀየርኩ፤ አንድ ቅንፍ ዘጋሁ።
ሊነሣ ሲል ማሽኑ ደጃፍ ላይ ያዘው፦
የዚህ ሠሪ አይታወቅም። ይከፈት?
በነሱ ቋንቋ ነው ያለው፤ ወደኔ ስመልሰው ግን
«ሠሪው እንግዳ ነው» ሆኖ አረፈው።
ሳቄ መጣ። ስሜ እኮ ነው!
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ኤንሂዳ» ሲሉኝ ኖረው
አጥርቶ የጠራኝ ይኸው ግዑዝ ነው።
«አዎ፣ ይከፈት» አልኩት፤ «አውቀዋለሁ።»

ሠንጠረዡ ሄደ። ዋርድ «ደረሰኝ» አለ፣ ሌላ ቃል የለም።
አሁን ጀልባው በሁለቱ በሮች መሐል
ከውኃው ጋር ቀስ ብሎ ይወርዳል፤
ባለ ጀልባው እጁን ኪሱ ከትቶ ያፏጭ ይሆናል።
ስለ ቅንፏ አያውቅም። ደግ ነው፣ አይወቅ።

ፋይሉን ሳልዘጋ፣ ከማስታወሻዋ ሥር
«ሰኞ ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ፣ ቀን ጨመርኩ፣ ስሜን አኖርኩ።
ታች በኩል አዲስ ቢጫ መስመር ብቅ ብሏል፤
አይቼዋለሁ።
ጣቴን ቁልፉ ላይ እንዳሳረፍኩ ትንሽ ቆየሁና
አንድ ቃል አከልኩበት፦
«በግማሽ።»